ሕፃን ምን አውቆ ይጠመቃል? ስለ ጥምቀት በቀላሉ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ማለቴ የኛን ብሎክ ብቻ እንኳን ብንወስድ፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም ሙስሊሙም በአንድ ደረጃ ነው የሚወጣ የሚወርደው። ስለዚ የአንዱ ቤት ልጅ አርባ ቀኑ ደርሶ ኮሚናሉ ለድግስ ሲጸዳ፣ ቡና ላይ አንዱ ጣል ማድረጉ አይቀርም፦ "ቆይ ግን ይሄ ሕፃን ምን አውቆ ነው የሚጠመቀው?" ጠያቂው ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፣ መላሹ ግን ወይ "አባቶቻችን ያቆዩን ነው" ብሎ ወሬውን ይዘጋል ወይ ደሞ ጥቅስ መወራወር ይጀመራል፣ በረካው ሳይደርስ ሰው ተኮራርፎ ይነሳል። እኔ ቄስም ሰባኪም አይደለሁም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ግን ዘመዶቼ ውስጥ ጴንጤ ስለሚበዛ የሁለቱንም ወገን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እና እንደኔ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ማነው? እግዚአብሔር ሰውየው ላይ አንድ ነገር እያደረገ ነው ወይስ ሰውየው በሰው ፊት ስለ እግዚአብሔር እየመሰከረ ነው? ይሄን ከያዛችሁ ሕፃን ይጠመቅ ወይስ አዋቂ፣ ይነከር ወይስ ይፍሰስበት፣ ይደገም ወይስ አይደገም የሚለው ሁሉ ከዚሁ ነው የሚመዘዘው።

በመጀመሪያ ሁሉም ከሞላ ጎደል የሚስማማበትን እንየው። ጥምቀትን ያዘዘው ኢየሱስ ራሱ ነው፣ ማቴዎስ 28፥19 ላይ ሕዝቡን ሁሉ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እያጠመቃችሁ ደቀ መዛሙርት አድርጉ ብሎ። በውሃ ነው የሚሆነው፣ የክርስትና መግቢያ በር ነው፣ አንዴ ነው የሚደረገው። የሚለያዩት "አንዴ" የሚለው ከመቼ ይቆጠር በሚለው ነው፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ትርጉሙ ላይ ብዙ ሰው "ሀጢያት ይታጠባል" የሚለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ልክ ነው፣ ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ ቀን ንስሐ ግቡ፣ ሀጢያታችሁም ይሰረይ ዘንድ ተጠመቁ ብሏል፣ ሐዋርያት ሥራ 2፥38 ላይ። ግን መታጠቡ የነገሩ አንድ ጎን ነው። ሌላው መወለድ ነው፣ ኒቆዲሞስ የሚባለው የአይሁድ አለቃ በለሊት መጥቶ ሲጠይቅ ጌታ "ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም" ያለው፣ ዮሐንስ 3፥5። ሰውየውም ግራ ተጋብቶ ሰው ከሸመገለ በኋላ ወደ እናቱ ማህፀን ተመልሶ ይገባል ወይ ብሎ ጠይቋል፣ ዛሬ ቡና ላይ እንደሚጠየቀው ማለት ነው።

ብዙ የማይወራለት ሦስተኛው ግን መሞት ነው። እኔ ጥምቀት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የገባኝ ሮሜ 6ን ሳነብ ነው። ጳውሎስ የተጠመቅን ሁሉ ከክርስቶስ ጋር ሞተናል፣ በጥምቀትም ከሱ ጋር ተቀብረናል፣ እሱ እንደተነሳ እኛም በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስ ነው ይላል። ማለትም ውሃው መታጠቢያ ብቻ ሳይሆን መቃብርም ነው፣ ወደ ውሃው የሚወርደው አሮጌው ሰው ይቀበራል፣ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው። በኛ ሥርዓት ሦስት ጊዜ ተነክሮ ሦስት ጊዜ የሚወጣው ለሥላሴ ነው፣ በዛውም ክርስቶስ ሦስት ቀን መቃብር ውስጥ ማደሩን ያሳያል ብለው ነው አባቶች የሚያስተምሩት። ሐዋርያት ከብሉይ ኪዳን የሚያመጧቸው ምሳሌዎችም የዋዛ አይደሉም። ጴጥሮስ የኖኅን የጥፋት ውሃ ያነሳል፣ ጳውሎስ ቀይ ባሕርን ያነሳል፣ ሁለቱም ቦታ አንዱ የሚድንበት ውሃ ሌላው የሚሰጥምበት ነው። እና ድግሱ ላይ "ውይ ሲያምር!" እየተባለ ቪዲዮ የሚቀረጸው ሕፃን በትምህርቱ መሠረት ገና ከመቃብር የወጣ ሰው ነው፣ ይሄን ስናገር ባለቤቴ "ጨለምተኛ" ትለኛለች፣ ይሁን።

ታዲያ ሀጢያት የሌለበት ኢየሱስ ለምን ተጠመቀ? ይሄ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መጥምቁ ዮሐንስም ራሱ ጠይቆታል፣ እኔ ባንተ ልጠመቅ ይገባኛል አንተ ወደኔ ትመጣለህ ወይ ብሎ። የተሰጠው መልስ አጭር ነው፣ "ጽድቅን ሁሉ መፈጸም ይገባናልና"። የኛ ሊቃውንት ደሞ ይሄን በትረካ ያስፋፉታል። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ሰይጣን መከራ ሲያጸናባቸው "አዳም የዲያብሎስ ባሪያ ነው፣ ሔዋን የዲያብሎስ አገልጋይ ናት" የሚል የዕዳ ደብዳቤ አጻፋቸው፣ እሱንም በሁለት ዕብነ በረድ ቀርጾ አንዱን ዮርዳኖስ ወንዝ ውስጥ አንዱን ሲኦል ውስጥ አስቀመጠው። ጌታ በሠላሳ ዓመቱ ዮርዳኖስ የወረደው አንደኛውን ሊደመስስ ነው፣ ሁለተኛውን ከስቅለት በኋላ ሲኦል ወርዶ ደመሰሰው። ሠላሳ የሆነበትም ምክኒያት አዳም ሲፈጠር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ስለተፈጠረ ነው ይላሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ዕብነ በረዱን ብትፈልጉ አታገኙትም፣ ቆላስይስ 2፥14 ላይ የዕዳ ጽሕፈታችንን ደመሰሰው የሚለውን ነው ትረካው የሚያብራራው። ያው እኔ ትረካውን የምወደው ጌታ ውሃ ውስጥ የገባው ሊነጻ ሳይሆን ውሃውን ለኛ ሊያዘጋጅ ነው የሚለውን ለሕፃን ልጅም እንዲገባ አድርጎ ስለሚናገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሥራውን የሚሠራው እግዚአብሔር ነው የሚሉት እነማን ናቸው? ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ እና (ይሄን ስናገር ሰው አያምነኝም) መካነ ኢየሱስ። አዎ፣ መካነ ኢየሱስ ሉተራን (የማርቲን ሉተርን ትምህርት የምትከተል) ስለሆነች ሕፃናትን ታጠምቃለች። "ጴንጤ ሕፃን አያጠምቅም" ብሎ በጅምላ የሚያወራ ሰው ስታገኙ ይሄን ንገሩት። ሉተር ከሮም ጋር በብዙ ነገር ቢጣላም በሕፃናት ጥምቀት አልተጣላም፣ እንደውም ጸጋ ማለት ሳትሠራ የምትቀበለው ስጦታ ከሆነ ምንም መሥራት የማይችል ሕፃን ከማንም በላይ ያሳየዋል ነው የነሱ ሐሳብ። ልጁ ሲያድግ ትምህርት ተምሮ እምነቱን በራሱ አፍ የሚያጸናበት ሥርዓት አላቸው።

በዚህ ወገን ካያችሁት "ሕፃኑ ምን ያውቃል" የሚለው ጥያቄ ራሱ ቦታውን ይስታል። ምክኒያቱም ማወቁ አይደለም ሥራውን የሚሠራው። እዚሁ ሰፈራችን ያሉ ልጆች አፋቸውን ሲፈቱ አማርኛ ነው ኦሮምኛ ነው እየተባሉ አልተጠየቁም፣ ቤቱ የሚናገረውን ሰጣቸው፣ ሲያድጉ ይናገሩበታል ወይ ይተውታል። ጥምቀትም እንደዛ ነው፣ ቤተሰቡ ያለበት ሕይወት ውስጥ ልጁን ማስገባት። በተጨማሪ የሚጠቅሱት ግዝረትን ነው፣ የእስራኤል ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም፣ ግን የቃል ኪዳኑ ሰው ሆነ፣ ጳውሎስም ቆላስይስ 2 ላይ ግዝረትንና ጥምቀትን አያይዞ ነው የሚያወራው።

ሥርዓቱን ተጠግታችሁ ብታዩት ይሄ እምነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ድግሱ ላይ እንጂ ክርስትና ቤት ስለማይገኝ ነው የማያውቀው፣ ለሊት ተነስቶ በዛ ብርድ ማን ይመጣል። ክርስትና አባቱ ልጁን ታቅፎ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞርና ስለ ልጁ ሆኖ ሰይጣንን ይክዳል፣ ከዛ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ አምናለሁ ይላል፣ ጸሎተ ሃይማኖት ይደርሳል። ቄሱ ውሃውን ይባርካሉ፣ ልጁ እርቃኑን ነው፣ "አጠምቀከ በስመ አብ" ብለው አንዴ፣ "ወወልድ" ብለው ሁለተኛ፣ "ወመንፈስ ቅዱስ" ብለው ሦስተኛ ይነክሩታል፣ ልጁ ጩኸቱን ያቀልጠዋል፣ እናትየው ከዳር ሆና አንጀቷ ይላወሳል። ከውሃው እንደወጣ ሜሮን ይቀባል፣ ግንባሩን ዓይኑን አፍንጫውን አፉን ጆሮውን ልቡን እጁን እግሩን እያለ 36 ቦታ ላይ፣ አንድ የሰውነቱ ክፍል ሳይታተም እንዳይቀር። አንገቱ ላይ ማተብ ይታሰርለታል፣ ነጭ ይለብሳል፣ እና እዛው በዛኑ ቀን ይቆርባል። ገና ጥርስ ያላወጣ የአርባ ቀን ልጅ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል! በላቲኑ የካቶሊክ ሥርዓት ቁርባኑና የሜሮን ቅባቱ ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ይቆያል፣ በኛ ግን ሦስቱም በአንድ ጠዋት ነው የሚያልቁት። ቤተክርስቲያን ማወቅን ቅድመ ሁኔታ ብታደርግ ኖሮ ይሄን አታደርገውም።

ወንድ በአርባ ሴት በሰማንያ ቀኗ የሚጠመቁበት ቁጥር ከየት መጣ? ዘሌዋውያን 12 ላይ ወንድ የወለደች እናት 7 ቀንና 33 ቀን፣ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን ቆይታ ነው ወደ መቅደስ የምትመጣው ይላል፣ ደምሩት፣ 40 እና 80 ይመጣል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደሞ (በኛ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው) አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ስለዚ ልጁ በዛው ቀን ወደ ቤተክርስቲያን ሲገባ አዳም ወደ ገነት እንደገባው ነው። አንዳንድ ሰው ይሄን ቀን እንደ ድንጋይ ሕግ ቆጥሮት ልጁ ቢታመም እንኳን አርባው ካልደረሰ ይላል፣ ይሄ ስህተት ነው፣ ልጁ የሚያሰጋ ሕመም ካለበት ቄስ ተጠርቶ ከቀኑ በፊት ይጠመቃል። ያለፈውም ቢሆን ያስጠምቃል እንጂ በሩ አይዘጋም። አዋቂ ሆኖ የሚመጣም አለ፣ ሲማር "ንዑሰ ክርስቲያን" ይባላል፣ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን" የሚለው ድሮ ገና ያልተጠመቁት ከቁርባኑ በፊት ይወጡበት የነበረ ነው።

ስለ ክርስትና አባትና እናት ትንሽ ልናገር፣ ይሄ የሚያናድደኝ ነገር ስለሆነ። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ነው የሚያነሳው። ሥራው ምንድነው ቢባል ያን ጠዋት በልጁ አፍ ሆኖ "አምናለሁ" ያለውን ቃል ልጁ ሲያድግ አስተምሮ እንዲፈጽመው ማድረግ ነው። ማለትም "ሕፃኑ አያውቅም" ለሚለው የቤተክርስቲያን መልስ ይሄ ሰው ነው! እሱ ካልሠራ ግማሹ ነገር ጎደለ ማለት ነው። እኛ ግን የምንመርጠው እንዴት ነው? ውጭ አገር ያለ፣ ወይ መኪና ያለው፣ ወርቅ ሐብል የሚያስር፣ ከዛ ቀን በኋላ ልጁን ለእንቁጣጣሽ እንኳን የማይጠይቅ። አበልጅ መሆን ዝምድና ነው፣ ቤተክርስቲያን እንደ ሥጋ ዝምድና ቆጥራ በመሀል ጋብቻ ትከለክላለች፣ እኛ ደሞ የስጦታ ፕሮግራም አደረግነው። ስሙም እንደዛው ተረስቷል። የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ ከቀኑ ጋር ነው የሚሄደው፣ በ12 ከሆነ ወልደ ሚካኤል፣ በ21 ከሆነ ወለተ ማርያም፣ ሲቆርብም ሲጸለይለትም ሲሞት ፍትሐት ላይም የሚጠራው በዚህ ስም ነው፣ ግን ስንቱ ሰው የክርስትና ስሙን ሲጠየቅ እናቱ ጋ ይደውላል።

ወደ ሌላኛው ወገን። ጥምቀት የሰው ምስክርነት ነው የሚሉት ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስና የመሳሰሉት ናቸው፣ እኛ አካባቢ ካሉት አዳራሾች አብዛኞቹም። የነሱ ሐሳብ ቀላልና ጠንካራ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መጀመሪያ ማመን ነው ከዛ መጠመቅ። ማርቆስ 16፥16 "ያመነ የተጠመቀም ይድናል" ነው የሚለው፣ ማመኑ ይቀድማል። ደሞ በጣም የሚወዱት ታሪክ የኛው አገር ሰው ነው፣ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የነበረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ በሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነባል፣ ፊልጶስ ይተረጉምለታል፣ ውሃ ጋ ሲደርሱ "እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" ይላል። አነበበ፣ ጠየቀ፣ ገባው፣ አመነ፣ ተጠመቀ። በቃ ይሄ ነው ሥርዓቱ ይላሉ። ስለዚ ልጆቻቸውን ሲወለዱ ጉባኤ ፊት አምጥተው ይጸልዩላቸዋል ይባርኳቸዋል እንጂ አያጠምቋቸውም፣ ልጁ አድጎ ራሱ ሲወስን የድኅነት ትምህርት ይማራል፣ ከዛ በገንዳ ወይ ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ሙሉ በሙሉ ይነከራል፣ ከመግባቱ በፊት እንዴት ጌታን እንደተቀበለ ይመሰክራል፣ ሲወጣ እልልታውና ጭብጨባው ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ ስትጠመቅ ሄጄ ነበር፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ስለ ድሮ ሕይወቷ ስትናገር እኔ በአርባ ቀኔ የተሰጠኝን ነገር እንደዛ ተናግሬው አላውቅም ብዬ አስቤያለሁ።

ታሪኩም የዋዛ አይደለም። በ1525 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስዊዘርላንድ ዙሪክ ላይ ጥቂት ሰዎች በሕፃንነታችን የተጠመቅነው ጥምቀት አይደለም ብለው እርስ በርስ ተጠመቁ። የከተማው ምክር ቤት እንደ አመፅ ቆጠረው፣ ከመካከላቸው ፊሊክስ ማንዝ የሚባለውን በጥር 1527 ሊማት ወንዝ ውስጥ አሰጥመው ገደሉት፣ ውሃ ስለፈለግክ ውሃ እንካ እንደማለት ነው። የገደሉት ካቶሊኮች አልነበሩም፣ ሌሎች የተሐድሶ ሰዎች (ፕሮቴስታንቶች) ናቸው። ከነዚህ ሰዎች የወጡት ናቸው በኋላ ሜኖናይት የተባሉት፣ የኛዋ መሠረተ ክርስቶስም ከሜኖናይት ሚሲዮን ነው የበቀለችው። ስለዚ የጎረቤታችሁን እምነት "ትናንት የመጣ" ብላችሁ ስታጣጥሉ ለዛ እምነት ወንዝ ውስጥ የሰጠሙ ሰዎች እንዳሉ እወቁ።

በሕፃናት ጉዳይ ሐዲስ ኪዳን ምን ይላል ካላችሁኝ፣ እውነቱን ለመናገር "ሕፃን አጥምቁ" የሚልም "አታጥምቁ" የሚልም ቁጥር የለም። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ልድያ ከነቤተሰቧ፣ የወህኒ ጠባቂውም ከነቤተሰቡ ተጠመቁ ይላል፣ እኛ ቤተሰብ ውስጥ ሕፃን አይጠፋም እንላለን፣ እነሱ ሕፃን አለ አላለም ይላሉ። ከሐዋርያት በኋላ ግን ማስረጃ አለ። የሰሜን አፍሪካው የቤተክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በ200 ዓ.ም ገደማ ሕፃናትን ለማጥመቅ አትቸኩሉ ብሎ ጽፏል፣ ይሄ ለነሱ ይጠቅማል፣ ግን በዛን ጊዜ የሚጠመቁ ሕፃናት ባይኖሩ አትቸኩሉ አይልም ነበር፣ ይሄ ደሞ ለኛ ይጠቅማል። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ቆጵርያኖስና የሰሜን አፍሪካ ጳጳሳት ስምንተኛውን ቀን እንኳን አትጠብቁ አሉ። በአራተኛው መቶ ዓመት ደሞ ሌላ ጠባይ መጣ፣ ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ሀጢያት ከባድ ነው ብለው ስለሚፈሩ ሰዎች እስከ ሞት አፋፍ ያዘገዩት ነበር፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው በ337 በሞት አልጋው ላይ ነው። ስለዚ "ከጥንት ጀምሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር" የሚል ሰው ከየትኛውም ወገን ቢሆን ታሪክ አላነበበም።

መድገም የሚለው ጋ ስንመጣ ነው ጎረቤት የሚጣላው። ቅዳሴ ላይ ሁሌ የምንለው በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ የጸናው ጸሎተ ሃይማኖት ሀጢያትን በምታስተሰርይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን ይላል። ሥራው የእግዚአብሔር ከሆነ እሱ የሠራውን መድገም ሥራህ አልበቃንም ማለት ነው። አዋቂ ብቻ የሚያጠምቁት ደሞ እኛ አልደገምንም፣ የመጀመሪያው እምነት ስላልነበረበት ጥምቀት አልነበረም ይላሉ። ሁለቱም በየራሳቸው መነሻ ልክ ናቸው፣ መነሻው ነው የተለያየው። በአገራችን ይሄ ነገር ደም አፋሷል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1625 የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም ክህነት ይቀበሉ አለ፣ ገበሬው ይሄን እንደ ስድብ ነው የወሰደው፣ አያት ቅድመ አያቶቼ ክርስቲያን አልነበሩም ልትለኝ ነው? ብሎ። አመፁ እየበረታ ሄዶ በ1632 ንጉሡ ራሱ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሌላም ምክኒያት ነበረው፣ ግን የዳግም ጥምቀቱ ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ለዚህ ነው ዛሬም አንዲት እናት ልጇ ጴንጤ ሆኖ "ተጠመቅኩ" ሲላት የሷን አርባ ቀን የሰረዘባት ያህል የሚሰማት።

የወጣ ሰው ሲመለስስ? ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በልጅነቱ የተጠመቀውን አትደግምለትም፣ መጽሐፈ ቄድር ተጸልዮለት በዛ ሥርዓት ይቀበሉታል፣ ሰው ቄደር መጠመቅ የሚለው እሱን ነው፣ የንስሐ ሥርዓት እንጂ ሁለተኛ ልደት አይደለም። "ኦንሊ ጂሰስ" የሚባሉት በኢየሱስ ስም ብቻ ስለሚያጠምቁ ደሞ ከኦርቶዶክሱም ከሌላው ጴንጤም ጋር አይግባቡም፣ እሱ የሥላሴ ጉዳይ ስለሆነ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ ከጥምቀት ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ጥር 10 ከተራ ታቦቱ ወርዶ ጥር 11 ጠዋት የሚረጨው ውሃ ማንንም ዳግም አያጠምቅም፣ ጌታ በዮርዳኖስ የተጠመቀበትን ማክበርና በረከት መቀበል ነው፣ ሰው "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ብሎ የሚለብሰው ለመታሰቢያ በዓሉ ነው። እንጦጦ ማርያምም ሆነ ሌላ ቦታ ጠበል የሚገባውም እንደዛው፣ ለፈውስ ነው፣ በየቀኑ መመላለስ ይቻላል፣ ሙስሊምም ይገባል፣ ክርስቲያን አያደርገውም።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ "ሳይጠመቅ ቢሞትስ?" የሚለው ነው። ይሄን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ የሞተበት ስለሆነ በጥቅስ አትቸኩሉበት። አዋቂ ብቻ የሚያጠምቁት ሕፃን በእግዚአብሔር ምሕረት ነው ብለው ብዙም አይጨነቁም፣ ለነሱ የሚያድነው ውሃው አይደለምና። ለኛ ግን ይከብዳል፣ ዮሐንስ 3፥5 ቁልጭ ያለ ነው፣ ጥምቀት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሦስተኛው ነው። ግን እዛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ፈያታዊ ዘየማን (በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ) አለ፣ በመስቀል ላይ ሆኖ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" የተባለው፣ ገንዳ አላየም። አባቶች ከጌታ ጎን የፈሰሰው ደምና ውሃ ጥምቀት ሆነለት ይላሉ። ሳይጠመቁ ስለ ክርስቶስ የተሰዉትንም ደማቸው አጠመቃቸው ይላሉ። ካቶሊኮች ለዘመናት ሊምቦ የሚሉትን (ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ሥቃይ ሳይኖርባቸው ግን እግዚአብሔርን ሳያዩ የሚኖሩበትን) ነገር ሲያስተምሩ ቆይተው በ2007 የቫቲካን የነገረ መለኮት ኮሚሽን ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት እንዲድኑ ተስፋ የምናደርግበት ምክኒያት አለ አለ። እኔ የተረዳሁት ትእዛዙ እኛን ነው የሚያስረን፣ እግዚአብሔርን አያስረውም፣ ስለዚ የምንችለውን ማድረግ የኛ ነው፣ ያልቻልነውን ለሱ መተው። ንስሐ አባቴም ይሄን ስነግራቸው አልተቆጡም።

ልጅ ለማስጠመቅ እያሰባችሁ ላላችሁ ደሞ፣ አዲስ ሰፈር ስለሆነ ብዙ ሰው አጥቢያውን አያውቀውም፣ ቀኑ ሲደርስ ነው በራይድ የሚሯሯጠው። ቀደም ብላችሁ ቤተክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ የሚጠይቁትን ማስረጃ ሰምታችሁ አዘጋጁ። ክርስትና አባቱን ቢቻል ጾሞ፣ ካልሆነም ቢያንስ ቁርስ ሳይበላ እንዲመጣ ንገሩት። ልጁ ስለሚቆርብ ጡት ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚቆም ቄሱን ጠይቁ፣ እናቶች ይሄን ሳያውቁ ደርሰው ሲደናገጡ አይቻለሁ። ሁለት ፎጣና ጋቢ ያዙ፣ ለሊቱ ይበርዳል። የጥምቀት ሰርተፊኬቱን ደሞ እዛው ተቀብላችሁ አስቀምጡት፣ ለተክሊል ጊዜ ይፈለጋል፣ ያኔ የክርስትና ስሙንም መዝገብ ሲያገላብጡ ከመዋል ትድናላችሁ።